ላክሁ ማለት አስረከብሁ ማለት ነውን?

የቡድን መልእክት መተግበሪያዎች በሠልጣኝ ሐኪሞች ሥራ ውስጥ

በሆሳዕና ከተማ የሚገኘው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል የሚጠራው በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም ነው። የሀዲያው ገራድ ልጅና የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበሩት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ለሕፃኑ ዐፄ ልብነ ድንግል እንደራሴ ሆነው አገር ሲያስተዳድሩ፣ ማቴዎስ የተባለ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ልከው ነበር። መልእክተኛው ሊዝበን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1514 ሲሆን፣ የፖርቱጋል ልዑካን መልስ ይዘው የኢትዮጵያን ጠረፍ የረገጡት በ1520 ነው። ማቴዎስ በመንገዱ ላይ «በእርግጥ ከኢትዮጵያ የተላክህ ነህን?» በሚል ጥርጣሬ ብዙ ተንገላትቷል።

ዛሬ በዚሁ ሆስፒታል የሚሠለጥን ተማሪ በእጅ ስልኩ የሚጽፈው ቃል፣ መስመሩ ደህና ከሆነ፣ ሊዝበንም ሆነ ዱራሜ ለመድረስ ጥቂት ሴኮንዶች ይበቁታል። ይሁን እንጂ በጥንቱ መልእክተኛ ጉዞ ላይ የተነሡት ጥያቄዎች ከፍጥነቱ ጋር አብረው አልጠፉም። መልእክቱ ለሚመለከተው ሰው ደርሷልን? የደረሰው ሰው እንደታሰበው ተረድቶታልን? በመካከል ሌላ ሰው አላየውምን? መልስ የመስጠትና የመፈጸም ኃላፊነትስ የማን ነው?

በዚህ ጽሑፍ እንደ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ያሉ የቡድን መልእክት መተግበሪያዎች ለሠልጣኝ ሐኪሞች የሚሰጡትን ጥቅምና የሚያስከትሉትን አደጋ ከሥነ ልቦና፣ ከሒሳብና ከኮምፒዩተር ሳይንስ አንጻር እንመለከታለን። ወደ ሕክምና ሙያ ለመግባት የምትዘጋጁ አንባብያን ነገ የምትሠሩበት ጉዳይ ነው፤ ሌሎቻችሁም አንድ ቀን በሕመምተኛ አልጋ ላይ ወይም አጠገብ መገኘታችሁ ስለማይቀር ጉዳዩ ይመለከታችኋል።

ቡድን ለምን አስፈለገ?

የሕክምና ትምህርት በመማሪያ ክፍል ውስጥ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሰውነትን አሠራርና የበሽታን መንሥኤ በማጥናት ካሳለፈ በኋላ ወደ ሆስፒታል ገብቶ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ይማራል። በመጨረሻው ዓመት ኢንተርን ተብሎ በአስተማሪዎቹ ቁጥጥር ሥር ሕመምተኛ ይቀበላል፣ ይመረምራል፣ በተረኝነት ያድራል። ከእርሱ በላይ ጠቅላላ ሐኪሞችና ሬዚደንቶች፣ ከእነርሱም በላይ ሲኒየር የሚባሉት ስፔሻሊስቶች አሉ። ስለዚህ የአንድ ሕመምተኛ ጉዳይ በአንድ ቀን ውስጥ በብዙ ሰዎች እጅ ያልፋል።

በሀዲያና በከምባታ አካባቢ ይህ የቅብብሎሽ መንገድ ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭም ይዘልቃል። ከሾኔ፣ ከሆመቾ፣ ከሺንሺቾ ወይም ከዶዮገና አካባቢ የሚመጣ ሕመምተኛ ሆሳዕና እስኪደርስ ድረስ በጤና ጣቢያና በሌላ ሆስፒታል አልፎ ሊሆን ይችላል። በየደረጃው ያለው ባለሙያ ያየውንና የሠራውን ለቀጣዩ ማስተላለፍ ይኖርበታል።

አሁን ቀላል ስሌት እንሥራ። በአንድ የሕክምና ክፍል 30 ሠልጣኞች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ለሁለት ይገናኝ ቢባል 30 በ29 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል 435 የግንኙነት መስመሮች ያስፈልጋሉ። በቡድን መተግበሪያ ግን አንድ ጊዜ የተጻፈ ቃል ለቀሩት 29 ሰዎች በአንድነት ይደርሳል። የተረኞች ዝርዝር፣ የጠዋት ስብሰባ ርእስ፣ የተለወጠ የራውንድ ሰዓት፣ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዳረሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ የጀመረው ቴሌግራም በአገራችን ተማሪዎች ዘንድ እጅግ የተወደደበት አንዱ ምክንያትም ትልልቅ ፋይሎችን የስልኩን ማከማቻ ሳያጣብብ በሩቅ ኮምፒዩተር ላይ ማኖሩ ነው።

ጥቅሙ መረጃ በማዳረስ ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በለንደን 40 የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ቡድን አባላት ለ19 ሳምንታት በዋትስአፕ ያደረጉትን ግንኙነት መርምሯል። ጀማሪዎቹ ሐኪሞች በብዛት ጥያቄ ሲያቀርቡ፣ ሲኒየሮቹ ደግሞ በብዛት መመሪያና ማብራሪያ ሲሰጡ ታይቷል። ይህ ውጤት ለእኛ አገር ልዩ ትርጉም አለው። ታላቅንና መምህርን ማክበር ባህላችን በመሆኑ፣ በእኩለ ሌሊት ለሲኒየር ስልክ መደወል የሚከብደው ሠልጣኝ ብዙ ነው። ጽሑፍ ይህን ፍርሃት ያቀልለታል። የአንዱ ጥያቄና የመምህሩ መልስም ለሌሎቹ ሁሉ ትምህርት ይሆናል።

እንግዲህ ቡድኑ ጥሩ መማሪያና ጥሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ መሆኑ አያጠያይቅም። ችግሩ የሚጀምረው የማስታወቂያ ሰሌዳው የሕመምተኛ መረካከቢያ ሲሆን ነው።

የሁሉም የሆነ ነገር

እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ የአሜሪካ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳተሙ። ተማሪዎችን ለየብቻቸው ክፍል ውስጥ አስቀምጠው በድምፅ ማስተላለፊያ መሣሪያ እንዲወያዩ አደረጉ። በውይይቱ መካከል አንዱ ተወያይ በሚጥል በሽታ እንደተያዘ የሚያስመስል ድምፅ ተሰማ። ድምፁን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት መካከል ሕመሙ እስኪያበቃ ድረስ እርዳታ ለመጥራት የተነሡት 85 በመቶ ነበሩ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካመኑት መካከል ግን የተነሡት 31 በመቶ ብቻ ናቸው።

ተሳታፊዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ ተጨንቀው ነበር። ሆኖም እያንዳንዱ «ሌላው ሳይነሣ አይቀርም» ብሎ አሰበ። ኃላፊነት ለብዙ ሰው ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ እየሳሳ መሄዱን ሳይንሱ የኃላፊነት መበተን ይለዋል።

ይህን ወደ ሆስፒታል እንውሰደው። አንድ ኢንተርን ተረኝነቱን ጨርሶ ሲወጣ «አልጋ 7 ያለችው ታካሚ የደም ምርመራ ውጤቷ ሌሊት ይታይ» ብሎ ለ30 ሰው ቡድን ጻፈ እንበል። ከመልእክቱ አጠገብ 22 ሰዎች ማየታቸው ተመለከተ። ላኪው ተረጋግቶ ተኛ። ካዩት 22 ሰዎች አንዱ ቤቱ ነው፣ ሌላው በሌላ ክፍል ተረኛ ነው፣ ተረኛዋ ራሷ ደግሞ መልእክቱን ያየችው ደም የሚፈሰው ሕመምተኛ ይዛ እየሮጠች ሳለ ነው። «ታይቷል» የሚለው ምልክት የሚነግረን ስልኩ ላይ መከፈቱን እንጂ አንድ ሰው ሥራውን መቀበሉን አይደለም።

የአገራችን ሰው ይህን ነገር በአንድ ቃል ይገልጸዋል፤ አደራ ይለዋል። አደራ ሰጪ አለው፣ ተቀባይም አለው። ተቀባዩ «ተቀብያለሁ» ካላለ አደራው ገና በሰጪው እጅ ነው። ለአደባባይ የተነገረ አደራ የለም።

ሁለት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

መልእክቱ ተቀባይ ቢያገኝም እንኳ ትርጉሙ ሊሳሳት ይችላል። በዓለም ላይ ብዙ ሆስፒታሎች የማያውቁት፣ የእኛ ግን የዕለት ተዕለት ጉዳይ የሆነ አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

ፕሪኤክላምፕሲያ በእርግዝና ወቅት፣ ብዙውን ጊዜ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ በደም ግፊት መጨመር የሚታወቅ ሕመም ነው። ሲከፋ እናቲቱን ያንዘፈዝፋታል፤ ያን ጊዜ ኤክላምፕሲያ ይባላል፣ ሕይወትንም ያጠፋል። መከላከያው ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመውና በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ እናቶች የተሳተፉበት ማግፓይ የተባለው ጥናት፣ መድኃኒቱ የማንዘፍዘፉን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መድኃኒቱ በጡንቻ በሚሰጥበት ሥርዓት ከመጀመሪያው መጠን በኋላ በየ4 ሰዓቱ ይደገማል። ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለሆነ፣ ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት የሽንቷ መጠን፣ አተነፋፈሷና ጉልበቷ በትንሽ መዶሻ ሲመታ እግሯ መወንጨፉ ይመረመራል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከበዛ በመጀመሪያ የእግሩ መወንጨፍ ይጠፋል፤ ከዚያም ትንፋሽ ይደክማል።

አሁን ለአንዲት እናት የመጀመሪያው መጠን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ተሰጠ እንበል። ቀጣዩ የሚሰጠው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ተረኛው ኢንተርን ግን በእንግሊዝኛ የተማረ፣ የስልኩም ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር የሚሠራ በመሆኑ በአእምሮው ያለው 02:00 ነው። ስለዚህ ለቡድኑ «ቀጣይ ማግኒዥየም በ2 ሰዓት» ብሎ ጻፈ። ተቀባይዋ በአገራችን አቆጣጠር አነበበችው፤ ለእርሷ 2 ሰዓት ማለት የጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ማለትም 08:00 ነው። በዚህ ምክንያት በየ4 ሰዓቱ መሰጠት የነበረበት መድኃኒት በ10 ሰዓት ልዩነት ይሰጣል ማለት ነው። ሦስተኛ ሰው ደግሞ «በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ» ማለት መስሎት ከጊዜው አስቀድሞ ሊወጋ ይችላል። ሦስቱም አማርኛ ያውቃሉ፣ ሦስቱም መልእክቱን በትክክል አንብበዋል። የተሳሳተው መልእክቱ ነው።

የሰዓቱ ጉዳይ አንድ ምሳሌ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ሕመምተኛዋ ሕመሟን በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ ትናገራለች፤ አብሯት የመጣ ሰው ወደ አማርኛ ይተረጉመዋል፤ ሠልጣኙ በእንግሊዝኛ ቻርት ላይ ያሰፍረዋል፤ ከዚያም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቅልቅል አሳጥሮ ወደ ቡድኑ ይልከዋል። በእያንዳንዱ ደረጃ ጥቂት ነገር ይንጠባጠባል። ፊት ለፊት ወይም በስልክ ሲነጋገሩ አድማጩ «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በጥድፊያ የተጻፈ አጭር ጽሑፍ ግን ይህን ዕድል አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም።

የራጅ ፎቶ ሲላክ ምን ይቀራል?

በቡድን ውስጥ ከሚዘዋወሩት ነገሮች አንዱ ፎቶግራፍ ነው። ሠልጣኙ የራጅ ፊልሙን በብርሃን ሰሌዳ ወይም በመስኮት ብርሃን ላይ አድርጎ በስልኩ ያነሣውና ሲኒየሩን ያማክራል። ሲኒየሩ ርቆ ባለበት ሰዓት ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ሆኖም የሚላከው ምስል ከዋናው ጋር አንድ አይደለም።

አንደኛ፣ ዲጂታል የራጅ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዷን ነጥብ በ12 ቢት ወይም ከዚያ በላይ ይመዘግባል። 12 ቢት ማለት 2 በራሱ 12 ጊዜ ተባዝቶ 4,096 የጥቁርና የነጭ እርከኖች ማለት ነው። በተለመደው የስልክ ፎቶ ግን የአንዱ ቀለም እርከን 8 ቢት፣ ማለትም 256 ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ምስሉን በፎቶነት ስንልከው መተግበሪያው መስመሩን ላለማጨናነቅ መጠኑን ይቀንሰዋል። ለምሳሌ 4,000 በ3,000 ነጥብ የነበረ ፎቶ ወደ 1,280 በ960 ቢቀነስ ከ12 ሚሊዮን ነጥቦች የሚቀሩት 1.2 ሚሊዮን ያህሉ ናቸው፤ አንድ አሥረኛ ገደማ ማለት ነው። ትልቅ ስብራት በዚህም ይታያል። ሳንባን ከከበበው አየር የሚለየው ቀጭን መስመር ግን ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ «በፎቶው ላይ ምንም አይታይም» ማለትና «ምንም የለም» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ታዲያ ምስሉን በፎቶነት ሳይሆን በፋይልነት ብንልከው ሳይቀነስ ይደርሳል። ግን ዋጋ አለው። የስልክ ካሜራ በፋይሉ ውስጥ የተነሣበትን ቀን፣ ሰዓትና እንደ ስልኩ አሠራር የቦታውን መገኛ ጭምር ይጽፋል። በፋይልነት ሲላክ ይህ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። በፊልሙ ጥግ የታተመው የሕመምተኛው ስምም ካልተቆረጠ እንዲሁ።

መልእክቱን ማን ሊያነበው ይችላል?

ብዙ ሰው «መተግበሪያው የተመሰጠረ ነው» ሲባል ሰምቶ ይረጋጋል። ዋናው ጥያቄ ግን መመስጠሩ ሳይሆን ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ነው። ይህን ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን ያሳተሙትን ድንቅ ሐሳብ በትንንሽ ቁጥሮች እንሞክረው።

«ሀ» እና «ለ» የተባሉ ሁለት ሠልጣኞች ሁሉ ሰው በሚሰማው መስመር ላይ የጋራ ምስጢራዊ ቁጥር ሊፈጥሩ ይፈልጋሉ። 5 እና 23 የተባሉትን ቁጥሮች በይፋ ይስማማሉ። «ሀ» 3ን በልቡ ይይዛል፤ 5ን በራሱ 3 ጊዜ አባዝቶ 125 ያገኛል፤ ይህን ለ23 አካፍሎ ቀሪውን 10 ይልካል። «ለ» 7ን በልቧ ትይዛለች፤ 5ን በራሱ 7 ጊዜ አባዝታ 78,125 ታገኛለች፤ ለ23 አካፍላ ቀሪውን 17 ትልካለች። አሁን «ሀ» የደረሰውን 17 በራሱ 3 ጊዜ ያባዛዋል፤ 4,913 ይሆናል፤ ለ23 ሲካፈል ቀሪው 14 ነው። «ለ» የደረሳትን 10 በራሱ 7 ጊዜ ታባዛዋለች፤ 10,000,000 ይሆናል፤ ለ23 ሲካፈል ቀሪው እንደገና 14 ነው። ሁለቱም 14ን አገኙ፤ 14 ግን በመስመሩ ላይ አንድም ጊዜ አላለፈም። የሰማው ሰው የሚያውቀው 5፣ 23፣ 10 እና 17ን ብቻ ነው። በትንንሽ ቁጥሮች ምስጢሩን በመሞከር ማግኘት ይቻላል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሃዞች ባሏቸው ቁጥሮች ግን ለዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች የማይሞከር ነው።

ዋትስአፕ ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም ተጠቃሚዎቹ የሚሠራበት ሥርዓት ከዚህ ሐሳብ የተወለደ ሲሆን፣ ቁልፉ የሚኖረው በላኪውና በተቀባዮቹ ስልኮች ላይ ነው። በመካከል ያለው የኩባንያው ኮምፒዩተር ቃሉን ያስተላልፋል እንጂ አያነበውም። በቴሌግራም ቡድን ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ቁልፍ የሚጋሩት ስልካችሁና የቴሌግራም ሰርቨር ናቸው። በመንገድ ላይ ያለ ሰው አያነበውም፤ ሰርቨሩ ዘንድ ግን መልእክቱ ሊከፈት ይችላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረው የቴሌግራም «ምስጢራዊ ውይይት» ለሁለት ሰዎች እንጂ ለቡድን አይሠራም። ስለዚህ በአገራችን ተማሪዎች ዘንድ በብዛት የሚሠራበት የቡድን ዓይነት ሰዎች ከሚያስቡት ያነሰ ምስጢር ጠባቂ ነው።

ከዚህም በላይ ማንኛውም ምስጠራ ከጫፎቹ አያልፍም። ስልኩ ቢጠፋ፣ ለወንድም ወይም ለጓደኛ ቢዋስ፣ የቡድኑ አባል የነበረ ተማሪ ተመርቆ ከሄደ በኋላ ከቡድኑ ባይወጣ፣ ወይም አንዱ የስክሪኑን ፎቶ አንሥቶ ለሌላ ቢልክ የዲፊና የሄልማን ሒሳብ አያድነንም።

ስም ሳይጠራ የታወቀ ሕመምተኛ

«ስሟን አልጻፍሁም» የሚለው መከላከያ የቱን ያህል ያስተማምናል? ላታንያ ስዊኒ የተባሉት የኮምፒዩተር ሳይንስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባቀረቡት ጥናት፣ ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶ የሚሆነውን በሦስት ነገሮች ብቻ፣ ማለትም በፖስታ ቁጥር አካባቢ፣ በትውልድ ቀንና በጾታ፣ ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል ገምተዋል። እያንዳንዱ መረጃ ብቻውን ብዙ ሰው ያቅፋል፤ ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን የሚቀረው አንድ ሰው ነው።

በታላቅ አገር ይህ ከሆነ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ምን ይሆናል? «የ34 ዓመት ሴት፣ የአንጋጫ መምህርት፣ ባለፈው ማክሰኞ የወለደች» የሚለው አንድ መስመር ስም አልያዘም። ለአንጋጫ ሰው ግን ከስም አይተናነስም። ከዚህ መስመር ቀጥሎ የኤች.አይ.ቪ. ወይም የአእምሮ ሕመም ውጤት ቢጻፍ የአንዲት እናት ትዳር፣ ሥራና ክብር በአንድ መልእክት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

የሕመምተኛን ምስጢር መጠበቅ ከሂፖክራጥስ መሐላ ጀምሮ የሕክምና ሙያ መሠረት ነው። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት የግል መረጃዎች ውስጥ መድቦታል። ሠልጣኙ ገና ተማሪ ስለሆነ ከዚህ ግዴታ ነፃ አይሆንም።

መስመሩ የተቋረጠ ዕለት

ሌላም የማይረሳ ነገር አለ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌግራምን ጨምሮ የተወሰኑ የማኅበራዊ መገናኛ መተግበሪያዎች ለአምስት ወራት ያህል ተዘግተው ቆይተዋል። ከዚህ ሌላ መብራት ይጠፋል፣ የስልክ ባትሪ ያልቃል፣ የዳታ ጥቅል ያበቃል። የሕመምተኛው ጉዳይ የተጻፈው በቡድኑ ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ መስመሩ በተቋረጠ ዕለት ሕመምተኛው ታሪክ የሌለው እንግዳ ይሆናል። ቻርቱ ላይ የሰፈረው ግን ያለ መብራትም በፋኖስ ይነበባል።

እንዴት እንጠቀምበት?

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ መተግበሪያው ይጣል የሚያሰኝ አይደለም። የሚያሰኘው እያንዳንዱ መሣሪያ በቦታው ይዋል ነው። ለተረኛ መረካከብ የተፈተነ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ የታተመና 9 የሕፃናት ሕክምና ማሠልጠኛ ሆስፒታሎች የተሳተፉበት ጥናት፣ አይ-ፓስ የተባለ የርክክብ ሥርዓት ከመተዋወቁ በፊትና በኋላ የገቡ 10,740 ሕመምተኞችን ተከታትሏል። ሬዚደንቶቹ በሥርዓቱ ከሠለጠኑ በኋላ የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ፣ ሊወገድ ይችል የነበረ ጉዳት ደግሞ በ30 በመቶ ቀንሷል። የሥርዓቱ አምስት ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው።

1. የሕመሙ ክብደት፦ ሕመምተኛው የተረጋጋ ነው ወይስ ዓይን የማይነቀልበት?
2. አጭር ታሪክ፦ ለምን ገባ፣ ምን ተደረገለት፣ አሁን እንዴት ነው?
3. የሚቀሩ ሥራዎች፦ ምን፣ መቼ፣ በማን?
4. ሊመጣ የሚችለው፦ እንዲህ ቢሆን ምን ይደረግ?
5. የተቀባዩ ቃል፦ ተቀባዩ የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ ይናገር።

አምስተኛው ክፍል ከሁሉ የሚልቀው ነው። ላኪው «ልኬያለሁ» ከሚለው ነጥብ አልፎ ተቀባዩ «ተቀብያለሁ፤ የተቀበልሁትም ይህ ነው» ወደሚለው ነጥብ የሚደርሰው በዚህ ነው። የቡድን መተግበሪያ በራሱ የማይሰጠንም ይህንኑ ነው።

በዚህ መሠረት ለሠልጣኞች የሚከተለውን እንመክራለን። ርክክብ በአካል፣ ካልተቻለም በስልክ ጥሪ ይፈጸም፤ በቻርቱም ላይ ይጻፍ። ቡድኑ ለማስታወቂያና ለትምህርት ይዋል። አስቸኳይ ጉዳይ በቡድን አይጻፍ፤ ለአንድ ሰው ይደወል። በቡድኑ ሥራ መስጠት ግድ ከሆነ የተቀባዩ ስም ይጠራ፣ ተቀባዩም የሰማውን ደግሞ ይመልስ፤ መልስ ካልመጣ አልተሰጠም ተብሎ ይቆጠር። ሰዓት ሲጻፍ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ 02:00» ተብሎ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ለትምህርት የሚቀርብ ታሪክ በሕመምተኛው ፈቃድ ይሁን፤ ዕድሜው በግምት ይነገር፤ ቀበሌው፣ ሥራውና ቀኑ ይቅር፤ በራጁ ላይ ያለው ስምም ይቆረጥ። ክፍሉን የለቀቀ አባል ከቡድኑ ይሰናበት።

እነዚህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው። የሚጠይቁት ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ በተማሪነት ዘመን ካልተያዘ በኋላ ለማረም ይከብዳል። የማቴዎስ ጉዞ ዓመታትን ቢፈጅም መልእክቱ የተነገረው ለታወቀ ተቀባይ ነበር፤ መልስም ይዞ ተመልሷል። የዛሬው መልእክት በሴኮንድ ቢደርስም ተቀባይ ከሌለው የእናቲቱ መርፌ ጊዜውን ያልፋል። ስለሆነም በርእሳችን ላነሣነው ጥያቄ መልሱ አይደለም የሚል ነው፤ አስረከብሁ ለማለት የሚቻለው ተቀባዩ ተረከብሁ ካለ በኋላ ብቻ ነው።

ለማሰላሰል

1. አንድ ክፍል 40 ሠልጣኞች ቢኖሩት ሁለት ለሁለት ለመገናኘት ስንት መስመሮች ያስፈልጋሉ?
2. በይፋ የተስማሙባቸው ቁጥሮች 5 እና 23 ሆነው «ሀ» 4ን፣ «ለ» 6ን በልባቸው ቢይዙ የጋራ ምስጢራቸው ስንት ይሆናል?
3. በምትኖሩበት ከተማ አንድን ሰው ስሙን ሳትጠሩ ለመለየት ስንት መረጃዎች ይበቃሉ? ቁጥሩ በአዲስ አበባና በምትኖሩበት ከተማ ለምን ይለያያል?